የማንቆርቆሪያው አፈር

ኢንስፔክተር እልፍነሽ ከወልዲያ ግራና የደረሰችው ሽንኩርት አራግፎ በሚመለስ ባዶ የጭነት መኪና ነው። ጥር ወር ነበር። ይዟት የነበረው ጦር ወደ ቆቦ ማዶ ካለፈ ሳምንታት ቢሆኑትም ወልዲያ መብራት የላትም፣ ስልክ የላትም፣ ባንክ የላትም። የፖሊስ ጣቢያው መኪና ከሄዱት ጋር አብሮ ሄዷል። አስከሬን የሚመረምር ሐኪም ብትጠይቅ «ደሴ ውሰጂው» ተባለች፤ በምን እንደምትወስደው ግን የነገራት የለም። ጥሪው ራሱ የደረሳት በሰው አፍ ነበር። የሽንኩርቱ ሹፌር የጣቢያው በር ላይ ቆሞ «ግራና፣ የአሳማው ግቢ፣ ሰው ተገድሏል በሉልኝ ብለውኛል» አለና ሊነዳ ሲል የጋቢናውን በር ይዛ ወጣች።

የአሳማው ግቢ ከግራና ገበያ ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ ቦታ ነው። ያቋቋሙት አቶ ወልዴ የሚባሉ የወልዲያ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሐሳባቸው ለመንገድ ሥራ የመጡ የውጭ አገር ሰዎችን ሥጋ ማቅረብ ነበር። የግራና ሙስሊምና ክርስቲያን በብዙ ነገር ይከራከር ይሆናል፤ በዚህ ግቢ ላይ ግን አንድ ቃል ነው። በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል። ኋላ ጦርነቱ መጣና የውጭ ሰዎቹ ሄዱ። አካባቢው ተይዞ ሳለ ደግሞ አሳማዎቹን የራሳቸው ወረርሽኝ ገብቶ ፈጃቸው፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

የቀበሌው ሚሊሻ አዛዥ ጀብሪል በሩ ላይ ጠበቃት። ጠመንጃውን አንግቷል፣ ፊቱ ሥራ የጨረሰ ሰው ፊት ነው።

«እንኳን ደህና መጡ። በከንቱ ደከሙ እንጂ ጉዳዩ አልቋል። ገዳዩን ይዘነዋል።»

በጣቱ ወደ ግራሩ አመለከተ። የግቢው ዘበኛ ኢስሐቅ ከግንዱ ጋር በገመድ ታስሯል። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሚስቱ ሲቲ ቀኗ የገባ እርጉዝ ሆና መሬት ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ዓይኗን ከገመዱ ላይ አልነቀለችም።

«ከሰዓት የፀጥታ መኪና ከመርሳ ይመጣል» አለ ጀብሪል፤ «ሰርጎ ገብ ነው ብዬ አስመዝግቤዋለሁ። ወልዲያ ያደርሱታል።»

እልፍነሽ ጥርሷን ነከሰች። በዚያ ሰሞን ሰርጎ ገብ ተብሎ መኪና ላይ የወጣ ሰው ዞሮ መግባቱን ማንም እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም ነበር። «አስከሬኑን አሳዩኝ» አለች።

ሟቹ ዶክተር ሀብቴ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የጉባ ላፍቶ ተወላጅ። ከግቢው ጥግ፣ ከበሩ በራቀ ቦታ ላይ በተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ ውስጥ በሆዱ ተደፍቷል። ማጅራቱ በከባድ ነገር ተመቷል። ቱታው በአሳማ ደምና ፋንድያ ተነክሯል። እጆቹ ላይ የላስቲክ ጓንት እንዳለ ነው፤ የሁለቱም መዳፍ ደም ነው። ደም ከሚቀዳበት ዳስ ተነስቶ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ የተጎተተበት ፋና መሬቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጉድጓዱን ማን አስቆፈረው?»

«ራሱ ዶክተሩ። አሳማዎቹን አስገድሎ ሊቀብርበት። ትናንት ነው ተቆፍሮ ያለቀው።»

የግቢው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ከጉድጓዱ ሥር የወጣው ግን ቢጫ ነበር፣ ኖራም ተነስንሶበታል። እልፍነሽ ጎንበስ ብላ ቆንጠር አደረገችና በጣቶቿ ፈተገችው፤ ኖራው ቆዳዋን ለበለባት። ፎቶ ልታነሳ ስልኳን ስታወጣ ባትሪው አልቋል። ስልኩን መልሳ ኪሷ ስትከት፣ ቢቻላት ጉድጓዱ ውስጥ ብትወረውረው ደስ ባላት።

«ገዳዩ ኢስሐቅ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ጀብሪል ወደ ዘበኛው ጎጆ ወሰዳት። በሩ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል፤ ኢስሐቅ ለሶላት የሚታጠብበት ነው። አጠገቡ ውሃ ፈስሶ የደረቀ ጭቃ አለ።

«ይኸውልዎ። አሳማ ነጃሳ ነው። እርጥቡ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዷን በአፈር። ዶክተሩን የጎተተ ሰው በአሳማ ደም ተለውሷል። ታዲያ ከዚህ ግቢ ውስጥ ከኢስሐቅ በስተቀር በአፈር የሚታጠብ ማን አለ? እኔም እስላም ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ይሄን ሌላ ሰው አይነግረኝም።»

እልፍነሽ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ወደ ውስጥ አየች። ቢጫ ጭቃ ነው፤ ነጭ ነጭ ፍርፋሪ አለበት። ወደ ቦታው መልሳ አስቀመጠችው።

ኢስሐቅ ሃምሳውን ያለፈ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አያ ኢስሐቅ፣ ትናንት አመሻሹ ላይ የት ነበሩ?»

«ከበሬ ነዋ። መግሪብ ሰገድሁ፣ ኋላ አጥሩን በውጭ በኩል ልዞር ወጣሁ። ስመለስ ሲቲ ያመጣችልኝን ቂጣ በላሁ። ወላሂ ድምፅ አልሰማሁም።»

«ማንቆርቆሪያውስ?»

«ሊነጋ ሲል ለሱብሂ ሶላት ሳነሳት ከበደችኝ። ባይ ጭቃ ናት። የቀለዱብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ከጀሪካኑ ቀድቼ ወዱእ አደረግሁ።»

«ለምን አልደፉትም?»

«ከምን እንደመጣ የማላውቀውን ጭቃ ምኔ ሊነካው?»

«በአፈር ሲታጠቡ ሰው አይቶዎት ያውቃል?»

«አዎን። አንድ ቀን አውራው አሳማ ከበረት አምልጦ እግሬን ታከከኝ። ስታጠብ ሁሉም ቆመው አዩኝ። ጋሽ ወልዴ ሳቁብኝ። ዶክተሩ ለምን እንደሁ ጠየቀኝ። የዶክተሩ ረዳት ይታገሱ ዝም ብሎ አየና ሄደ።»

«ከዶክተሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አሳማ ያዝልኝ አለኝ፣ አልነካም አልሁት። ጮኸብኝ። ማታውን ራሱ መጥቶ ይቅር በለኝ፣ አውፍ በለኝ አለኝ። አልሁት።» ወደ አጥሩ ተመለከተ። «አንቱ እህቴ፣ ያችን ልጅ ወደ ቤት ግቢ በሏት። እኔን አልሰማ አለች።»

እልፍነሽ ሄዳ ነገረቻት። ሲቲ ግን ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም። «ገመዱ ሲፈታ እገባለሁ» አለች።

አቶ ወልዴ በረንዳው ላይ በባትሪ የሚሠራ ሬድዮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዜና ያዳምጣሉ። ከወልዲያ የመጡት የተረፉትን አሳማዎች ለአንድ የደቡብ አርቢ ለመሸጥ ነው፤ ትናንት ሰዓት እላፊ ይዟቸው እዚሁ አደሩ።

«ዶክተሩ ሽያጩን ከልክሎዎት ነበር» አለች እልፍነሽ።

«መከልከል ብቻ? ይገደሉ አለ እንጂ! ይሄን ሁሉ ሞት ያለፉትን! ይታገሱ መርምሮ ‹በሽታውን አሸንፈዋል› ብሎኛል። እሱ ደግሞ ‹አላሸነፉም፣ ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ ተደብቋል› ይላል። ‹የት?› ስለው ‹የሰውነታቸው ጠባቂዎች ሆድ ውስጥ› አለኝ።» ሬድዮውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳለውም ሆነ። ጠባቂ ውስጥ ነበር የተደበቀው። የእኔው ጠባቂ!»

በአባባላቸው ረክተው ፈገግ አሉ። እልፍነሽን አንገበገባት።

«ዶክተሩ ትናንት ከአሳማዎቹ የቀዳው ደም የት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠፍቶ እንደሆነ ደግ አደረገ። የአዲስ አበባ ላቦራቶሪ አንድ ነገር ቢል ማን ይገዛኛል?»

በሐሳቧ ካቴናውን አጠለቀችላቸው። ምክንያቱ አላቸው፣ ግቢው ውስጥ አድረዋል፣ ሰውየውም ደስ አይሉም። ችግሩ ሰው ደስ ስለማይል አይታሰርም። የጎደለ ነገር እንዳለ ስለተሰማት ትታቸው ሄደች።

ይታገሱ በረቱ ውስጥ ነበር። የዶክተሩ ረዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከስቷል። ፉርሽካ ገንዳው ላይ ሲበትን አሳማዎቹ ሳይጋፉ ከበቡት። ጀብሪል ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አፍንጫውን በሻሹ ሸፈነ።

«አንተ በተያዝንባቸው ወራት እዚሁ ነበርክ?» ስትል ጠየቀችው።

«ሌላ ማን ይኑር? ዶክተሩ ጦሩ ሲቃረብ ወደ ደሴ ሄደ። ጋሽ ወልዴም ሄዱ። እኔ ግን ቁልቋል እየቆረጥኩ ሳበላ ከረምኩ። በየቀኑ ይሞታሉ፣ በየቀኑ እቀብራለሁ። ከዚያ አንዳንዶቹ ዳኑ። የዳኑትን ደም ቀዳሁ፣ አስቀምጬ ረጋ ሲል ከላዩ የጠራውን ውሃ ለታመሙት ወጋኋቸው። እነዚህ ተረፉ።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። «ፀረ እንግዳ አካል አላቸው። ሰውነት ጠላቱን ካወቀ በኋላ የሚሠራው መከላከያ ማለት ነው። መርምሬ አግኝቻለሁ።»

«ዶክተሩ ምን አለ?»

ይታገሱ የፉርሽካውን ጆንያ ጨመደደው።

«ቫይረሱ ተንኮለኛ ነው አለ። ሰውነት ጠላት እንዲውጡ የሚያሰማራቸው ሴሎች አሉ፤ እሱ የሚራባው እነሱ ውስጥ ነው አለ። መከላከያውም ቢሠራ በማይጎዳው በኩል እንዲይዘው ማታለያ ያቀርብለታል፤ ሰውነት ያዝኩት ብሎ ደስ ሲለው እሱ ሥራውን ይሠራል። ‹የያዘ ሁሉ አያከሽፍም፣ ይታገሱ› አለኝ። እንደ ተማሪ።»

«አንተ አላመንከውም።»

«ደሙ አዲስ አበባ ይሂድና ይታያል።»

«ደሙ የት ነው?»

ጆንያውን ወደ ገንዳው ዘቀዘቀ። «ዶክተሩ ነበር የሚይዘው።»

ጥማት ያዛትና ወደ ውሃው ጉድጓድ ሄደች። መብራት ከጠፋ ወዲህ ፓምፑ ስለማይሠራ በባልዲ ይቀዳል። የባልዲው ገመድ ከመዘውሩ ላይ ተጠቅልሏል። አጠገቡ ግን ሌላ ቀጭን ገመድ ከድንጋይ ጋር ታስሮ ወደ ታች ወርዷል። ሳበችው። በእርጥብ ጆንያ በጥንቃቄ የተጠቀለለ አይስቦክስ ወጣ። ስትከፍተው የደም ብልቃጦቹ ተደርድረዋል፣ አንዱም አልተሰበረም። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው፣ ጆንያውንም አገላበጠችው። አንዲት የደም ጠብታ የለባቸውም።

እልፍነሽ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ ሲያንገበግባት የዋለው ነገር አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ንዴቱ አልሄደም፤ አቅጣጫውን አወቀ እንጂ።

የፀጥታው ፒክአፕ አቧራውን እያግተለተለ ሲገባ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰብስባቸው ነበር። ጋቢናው ውስጥ ያለው የመቶ አለቃ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሰውየውን ጫኑልን፣ ሳይመሽ ገብተን ማደር አለብን» አለ።

«ሰው ከመጫንህ በፊት ትሰማኛለህ» አለች እልፍነሽ። የመቶ አለቃው ሊቆጣ ሞከረ፤ ፊቷን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ።

ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውስጡ የነበረውን ጭቃ ጥቁሩ ዋልካ ላይ ደፋችው።

«አቶ ጀብሪል፣ ይሄ አፈር ምን ዓይነት ነው?»

ጀብሪል ጎንበስ አለ። «ቢጫ ነው።»

«በዚህ ግቢ ቢጫ አፈር የት አለ?»

«ከአዲሱ ጉድጓድ ጫፍ።» ቀና ሊል ሲል መልሶ ጎንበስ አለ። «ኖራም አለበት።»

«ለአሳማ መቅበሪያ ከተቆፈረ፣ ደም ያለበት ሬሳ ከተጎተተበት ቦታ የመጣ አፈር ነው። አሁን እንደ ሚሊሻ ሳይሆን እንደ ሙስሊም ይመልሱልኝ። ነጃሳ ለማጠብ የትኛውም አፈር ይሆናል?»

«ጧሂር መሆን አለበት። ንጹሕ።» ጀብሪል የተደፋውን ጭቃ እንደገና አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «ያ ረቢ! ነጃሳን በነጃሳ የሚያጥብ የት አለ? ይሄንማ ልጆቼም ያውቁታል። ደግሞ አፈሩን እላዩ ላይ አድርጎ ነው ውሃ የሚያፈስበት፣ የወዱእ እቃውን ጭቃ አይሞላውም።»

«አያ ኢስሐቅ ቢሆኑ ይህን አይሳሳቱም። የሠሩትን ማስረጃም በራቸው ላይ አስቀምጠው አያድሩም። ይህን ያደረገ ሰው አያ ኢስሐቅ በአፈር ሲታጠቡ አንድ ቀን አይቷል፤ ያየውን ግን አልተረዳም። ማታለያ አቀረበልን፣ እኛም ያዝነው ብለን ደስ አለን።»

ጀብሪል ቢላውን አውጥቶ ገመዱን መቁረጥ ጀመረ። ማንም አላዘዘውም።

«ታዲያ ማን ነው?» አሉ አቶ ወልዴ። ሬድዮውን ብብታቸው ሥር ይዘውታል።

«ሲታጠቡ ያዩት ሦስት ናቸው። አንዱ ሞቷል። የቀራችሁት እርስዎና ይታገሱ ናችሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ እርስዎን ባስር ደስ ይለኝ ነበር።»

አቶ ወልዴ ሬድዮውን ደረታቸው ላይ አቀፉት።

እልፍነሽ አይስቦክሱን ከኋላዋ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ይታገሱ ዓይኑን ጣለበት።

«ዶክተሩ የሞተው ደም እየቀዳ ሳለ ነው፤ ጓንቱን አላወለቀም፣ ጓንቱም ደም ብቻ ነው። ይህ ሳጥን ግን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ በረዶ በሌለበት አገር ብቸኛው ቀዝቃዛ ቦታ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ገመዱ ላይ ደም የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠው፣ እጁን ከታጠበ በኋላ። ሰው ገድሎ፣ ሬሳ ጎትቶ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደሙ እንዳይበላሽ የተጨነቀ ማን ነው?» ክዳኑን ከፈተችና አንድ ብልቃጥ አወጣች። «ለማንኛውም አሁን አይጠቅመንም። አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና የለኝም፣ ማቀዝቀዣ የለኝም። ልድፋው።»

«ይድፉት!» አሉ አቶ ወልዴ ፈጥነው።

የብልቃጡን ቡሽ ነቀለች።

«አይድፉት!» ይታገሱ እጇን ሊይዝ ተወርውሮ ጀብሪል ደረቱን ገፍቶ አስቆመው። «አይድፉት፣ ኢንስፔክተር፣ እባክዎ! የእኔ እውነት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።»

ከአጥሩ ውጭ ሲቲ ቆማለች።

እልፍነሽ ቡሹን መልሳ ከደነችው። «አንተ ነህ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ለሰለሰ። «ጋሽ ወልዴ ቢሆኑ ይህን ደም መጀመሪያ የሚያጠፉት እሳቸው ነበሩ። አያ ኢስሐቅ ደግሞ አይነኩትም። ደሙ እንደሚመሰክርለት ያመነ ሰው አንድ አንተ ብቻ ነህ።»

ይታገሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከመጨረሻዋ አሳማ ደም እየቀዳ ነበር» አለ። «ደሙ ይላክ፣ አሳማዎቹ ውጤቱ እስኪመጣ ይቆዩ ብዬ ለመንኩት። ‹ደሙን የምልከው ለትምህርት ነው፣ አሳማዎቹ ነገ ይሞታሉ› አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ‹ያ የወጋኸው ውሃ ራሱ በሽታውን ይዞ ነበር፣ ደህና የነበሩትን ያስያዝካቸው አንተ ነህ› አለኝ። እሱ ደሴ ተቀምጦ! እኔ ከእነሱ ጋር ስራብ፣ እሱ ደሴ ተቀምጦ! ጉድጓዱ የተቆፈረበት ዶማ አጠገቤ ነበር።» ወደ ኢስሐቅ አየ፤ ሊያየው ግን አልቻለም። «አያ ኢስሐቅ፣ እርስዎን የጠላሁ አይደለሁም።»

ኢስሐቅ የገመዱን ምልክት ክንዱ ላይ አሸ። ጀብሪል ፊቱ ቆመ።

«አውፍ በለኝ፣ ኢስሐቅ።»

«አላህ አውፍ ይበልህ። ማንቆርቆሪያ ግን ትገዛልኛለህ። ያችን ዳግመኛ አልነካትም።»

ከዚያ በሩን ወጥቶ ሚስቱን ደገፋት፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ሳያዩ ወደ ግራና ሄዱ።

የዶክተሩ አስከሬን ከጉድጓዱ ወጥቶ ፒክአፑ ላይ ተጫነ፤ እንዲገደሉ ያዘዛቸው አሳማዎች ግን ቀሩ። የመቶ አለቃው ወታደሮቹን ተኩሱ አላቸው፤ አሳማዎቹ በረቱ ውስጥ እየተራወጡ ስለጮኹ አላስተኩስ አሉ። ገብቶ የሚይዝላቸው ሰው ተፈለገ። ሚሊሻዎቹ እምቢ አሉ፣ ወታደሮቹ እምቢ አሉ፣ ባለቤታቸው አቶ ወልዴም ጥምቀት ሳያልፍ አሳማ እንዴት እነካለሁ ብለው እምቢ አሉ። እልፍነሽ በሁሉም ላይ ጮኸች፤ የተንቀሳቀሰ የለም።

«እጄን ይፍቱልኝ» አለ እልፍነሽ በካቴና ያሰረችው ይታገሱ። «እኔን ይሰማሉ።»

ፈታችው። የፉርሽካውን ጆንያ ይዞ ገባ፣ በምላሱ ጠራቸው፣ እስከ ጉድጓዱ አፍ ተከተሉት። ፉርሽካውን በትኖላቸው ዞር አለ። ተኩሱ ሲያበቃ አካፋውን አንስቶ ራሱ አፈር አለበሳቸው፣ ኖራውንም ነሰነሰ። እልፍነሽ ገዳይ አግኝታለች፣ ንጹሕ ሰው አስፈትታለች፤ መኪናው ላይ ስትወጣ ግን ሰው ቢያናግራት የምትሳደብ ይመስላት ነበር።

እልፍነሽ በአላፊ መኪና አዲስ አበባ የላከችው ደም ውጤት የመጣው መንገዱና ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ለማንም የሚጠቅም አልነበረም። ይሁን እንጂ እልፍነሽ ወልዲያ ማረሚያ ቤት ሄዳ ይታገሱን አስጠራችው። ሽቦው ማዶ መጥቶ ቆመ። ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም።

«ፀረ እንግዳ አካል ነበራቸው?»

«ነበራቸው። በሁሉም ደም ውስጥ ተገኝቷል።»

ፊቱ በራ። ከዚያ የምትጨምረው ነገር እንዳለ ከዓይኗ አነበበ።

«ቫይረሱስ?»

«እሱም ነበር» አለች። «በሁሉም ውስጥ።»

ይታገሱ ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ የኢስሐቅ ሚስት ምን ወለደች ብሎ ጠየቃት፤ ወንድ ብላ ነገረችው።